የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የወገብ ሕመምና ዘግይቶ የተገኘው መድኃኒት

ጆን ፊትዝጀራልድ ኬኔዲ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ምሁራን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት መታሰቢያነቱ ለእርሳቸው ነው። በ1961 ያቋቋሙት የሰላም ጓድም በማግሥቱ ዓመት ወደ 300 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሀገራችን ልኮ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ አያሌ ተማሪዎች ከእነርሱ እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለም እኒህን ሰው የሚያስታውሳቸው በ43 ዓመታቸው ለከፍተኛ ሥልጣን የተመረጡ፣ በመርከብ ሸራ ሥር ነፋስ ጸጉራቸውን እየበተነው የሚስቁ፣ የወጣትነትና የብርታት ምሳሌ አድርጎ ነው። ከዚህ ሥዕል በስተጀርባ ግን ሌላ ሰው ነበር። ይህ ሰው ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ማለት የሚሳነው፣ ደረጃ ሲወጣ እግሩን አንድ በአንድ የሚያስቀድም፣ ከሃያ ዓመት ዕድሜው ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ከወገብ ሕመም ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። በዘመኑ የነበረው የሕክምና ጥበብ ሁሉ ተሞክሮላቸዋል፤ ቢላዋውም ብረቱም መርፌውም። በመጨረሻ ግልጽ ለውጥ ያመጣላቸው ግን ከሁሉ ይልቅ ቀላሉና ከሁሉ ይልቅ የተናቀው ዘዴ፣ ማለትም በሥርዓት የተመራ የሰውነት እንቅስቃሴ ነበር። የዚህ መዘግየት ታሪክ፣ የሸክምንና የድጋፍን ነገር ሙያው ላደረገ ሰው፣ ብዙ የሚያስተምረው አለ።

ኬኔዲ ሜይ 29 ቀን 1917 በማሳቹሴትስ ግዛት ብሩክላይን በተባለች ከተማ ተወለዱ። ለዘጠኝ ልጆች አባት ለሆኑት ለባለጸጋው ለጆሴፍ ኬኔዲ ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው በያዛቸው ብርቱ ትኩሳት ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሲሆን፣ የልጅነት ዘመናቸውም ከትምህርት ቤት ወደ ሕመም አልጋ በመመላለስ ያለፈ ነበር። በቤተሰቡ ዘንድ ግን መታመም እንጂ በሕመም መሸነፍ የሚያስነውር ስለ ነበረ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ክብደታቸው ያልፈቀደላቸውን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫወቱ። በዚያን ጊዜ ወገባቸውን ተጎዱ። ሕመሙ ቢመላለስም ዋና መዋኘታቸውን አልተዉም፤ በ1940ም ትምህርታቸውን ፈጸሙ።

ሀገራቸው ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልትገባ በተቃረበችበት ጊዜ በጦር ኃይል ለማገልገል ቢያመለክቱ፣ ወገባቸው የጤና ምርመራውን አላሳለፋቸውም። ይሁን እንጂ በአባታቸው ተሰሚነት ረዳትነት በ1941 መገባደጃ በባሕር ኃይል መኮንንነት ተቀበሏቸው። ኦገስት 2 ቀን 1943 በሌሊት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ በሰሎሞን ደሴቶች አካባቢ፣ ያዝዟት የነበረችውን ፒቲ 109 የተባለች ፈጣን ጀልባ አማጊሪ የተሰኘ የጃፓን የጦር መርከብ ገጭቶ ለሁለት ከፈላት። ከ13ቱ ባሕርተኞች 2ቱ ሞቱ። የ26 ዓመቱ አዛዥ ክፉኛ የተቃጠለውን የጀልባዋን ሞተረኛ፣ የነፍስ ማዳኛ ሰደርያውን ማሰሪያ በጥርሳቸው ነክሰው እየጎተቱ፣ አራት ሰዓት ያህል ዋኝተው ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት አደረሱት። ከስድስት ቀን በኋላ ሁለት የአካባቢው ተወላጆች ባደረሱላቸው መልእክት ሁሉም ተረፉ። ይህ ጀብዱ ለወደፊቱ ፖለቲከኛ ዝና፣ ለታመመው ወገባቸው ግን ተጨማሪ ጉዳት ሆነ።

በጁን 1944 የመጀመሪያውን የወገብ ቀዶ ሕክምና ቦስተን ውስጥ አደረጉ። ሐኪሞቹ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ዲስክ ሾልኮ ወጥቶ ነርቭ የተጫነ መስሏቸው ነበር፤ ከፍተው ሲያዩት ግን እንደ ገመቱት ያለ ግልጽ ጉዳት አላገኙም። በሽተኛው ከአልጋቸው ተነሥተው መራመድ በጀመሩ ጊዜ የወገባቸው ጡንቻ እየተኮማተረ እንደ ገና ያሠቃያቸው ጀመር። ነገሩን ዛሬ ለሚያስተውለው ሰው ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነበር፤ ሕመሙ ያለበት ቦታ ቢላዋው ከደረሰበት ቦታ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። በጊዜው ግን ምልክቱን ያነበበው አልነበረም።

በ1946 ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሲወዳደሩ፣ ቀን የድሆችን ፎቅ ቤቶች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ውለው፣ ማታ በሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተነክረው ያድሩ ነበር። በ1947 ለንደን ላይ በታመሙ ጊዜ ደግሞ የአድሬናል ዕጢዎቻቸው የሚገባቸውን ያህል እንደማይሠሩ ታወቀ። ይህ በሽታ ሰውነት ቁስልንና ድንጋጤን የመቋቋም ኃይሉን የሚያሳጣ በመሆኑ፣ ማንኛውንም ቀዶ ሕክምና ለእርሳቸው አደገኛ አደረገው።

ሆኖም በ1952 ሴናተር ሆነው ከተመረጡ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ሄዶ በምርኩዝ እስከ መሄድ አደረሳቸው። ኦክቶበር 21 ቀን 1954፣ አደጋው በግልጽ ተነግሯቸው ሳለ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ቆረጡ። ኒው ዮርክ ውስጥ የወገባቸው የታችኛው አጥንቶች እንዳይንቀሳቀሱና እርስ በርሳቸው እንዲጋጠሙ በብረት ሰሌዳ ታሰሩ። ብዙም ሳይቆይ ቁስለ ሕመም ገባባቸው፤ ራሳቸውንም ሳቱ፤ የካቶሊክ ቄስ ተጠርቶ የቀንዲል ጸሎት ተደረገላቸው። ከሞት ቢያመልጡም ቁስሉ አልሽር ስላለ፣ በፌብሩዋሪ 1955 ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ያ ሁሉ ዋጋ የተከፈለበት ብረት ተነቅሎ ወጣ። በ1957ም ያበጠውን ለማፍሰስ አራተኛ ጊዜ ተቀደዱ። በተኙባቸው ወራት በረዳታቸው በቴድ ሶረንሰን ብርቱ እገዛ ስለ ስምንት ሴናተሮች የሲቪል ጀግንነት ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1957 የፑሊትዘር ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ወገባቸው ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

በ1955 ዶክተር ጃኔት ትራቬል የተባሉ ሴት ሐኪም ነገሩን በሌላ ዓይን ተመለከቱት። የሕመሙ ምንጭ አጥንቱ ብቻ ሳይሆን በጡንቻው ውስጥ የተቋጠሩ ቦታዎች መሆናቸውን ተረድተው፣ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ፕሮኬይን የተባለውን ማደንዘዣ በመርፌ ይሰጧቸው ጀመር። አንደኛው እግራቸው ከሌላው ያጥር ስለ ነበረ ከጫማቸው ተረከዝ ሥር ማስተካከያ አስገቡላቸው፤ በኋላ በዓለም ፎቶግራፎች ላይ የታወቀውን ተወዛዋዥ ወንበርም ያዘዙላቸው እኒሁ ሐኪም ናቸው። እፎይታው እውነተኛ ነበር። ዶክተር ትራቬልም በ1961 የዋይት ሐውስ ሐኪም በመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ነገር ግን መርፌው የሚሰጠው ዕረፍት የሰዓታትና የቀናት ስለ ነበረ፣ መርፌው መርፌን እየጠራ ሄደ። ኬኔዲም ከልብሳቸው ሥር አጥብቀው የሚያስሩትን የወገብ መታጠቂያ ሳይለብሱ መውጣት የማይችሉ ሆኑ።

በሜይ 1961 ኦታዋን ሲጎበኙ በካናዳው አገረ ገዢ ግቢ ለመታሰቢያ ዛፍ እንዲተክሉ ተጋበዙ። አካፋ አንሥተው ጥቂት አፈር ሲዝቁ ወገባቸው ክፉኛ ተቀጨ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በፓሪስ ከደጎል፣ በቪየና ከክሩስቾቭ ጋር ሲነጋገሩ ሕመማቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ሸሸጉት፤ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ግን ምርኩዙን ከሕዝብ ዓይን መደበቅ አልተቻለም።

ጥቂት አካፋ አፈር ይህን ያህል ጉዳት ማድረሱ ለመሐንዲስ ሊያስገርም አይገባም። ለምሳሌ አካፋው ከነአፈሩ 10 ኪሎ ይመዝን፤ ከአከርካሪው 50 ሳንቲ ሜትር ርቆም ተይዟል እንበል። ይህን ሸክም ሚዛን የሚያስጠብቁት የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው ኋላ ያላቸው ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጡንቻዎቹ የሸክሙን አሥር እጥፍ፣ ማለትም የ100 ኪሎ ክብደትን ያህል ኃይል መሳብ አለባቸው፤ ይህም ጎንበስ ያለው የራሱ የሰውነት ክብደት ሳይታሰብ ነው። ያ ሁሉ ኃይል ደግሞ ተመልሶ በወገብ አጥንቶችና በዲስኮች ላይ ያርፋል። ጡንቻው ደካማ ከሆነ ሸክሙን አይችለውም፤ ይኮማተራል፣ ወይም ይላቀቃል።

በዚያው በ1961 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ አንድ ጥናት ይህንኑ ጉዳይ ከሌላ ወገን ያበራዋል። ከጥናቱ ሁለት አዘጋጆች አንዱ ቦሪስ ብሬስለር ናቸው፤ በሁለት አቅጣጫ የሚታጠፍ የአርማታ ዓምድን ለማስላት በሚያገለግለው ቀመር ስማቸው በሙያችን የታወቀው እኒያው የሲቪል መሐንዲስ። ብሬስለርና ሉካስ የተባሉት የአጥንት ሐኪም፣ ጡንቻው ሁሉ ተገፎ አጥንቱ፣ ዲስኩና ማሰሪያ ጅማቱ ብቻ የቀረውን የሰው አከርካሪ ከሥሩ አጽንተው ከላይ ጭነት አኖሩበት። ዓምዱ 20 ኒውተን ያህል፣ ማለትም የሁለት ኪሎ ክብደት ሲያርፍበት ጎበጠ። የሰው ራስ ብቻውን ከዚህ በላይ ይመዝናል። እንግዲህ ሰውን አቁሞ የሚያስኬደው አጥንቱ ብቻውን አይደለም፤ በዙሪያው እንደ ምሰሶ ገመድ ወጥረው የያዙት የጀርባ፣ የሆድና የጎን ጡንቻዎች ናቸው። ገመዱ የላላበትን ምሰሶ ለማዳን ምሰሶውን መብጣትና በብረት ማሰር የማያዋጣ መሆኑ ከዚህ ይታያል። በኬኔዲ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሠራ የነበረው ግን ይኸው ነበር።

በኦክቶበር 1961 የባሕር ኃይል ሐኪም የሆኑት ዶክተር ጆርጅ በርክሌይና ሌሎች የቅርብ ሐኪሞቻቸው፣ ፕሬዚዳንቱ በዚህ ሁኔታ ከቀጠሉ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ መዋላቸው የማይቀር መሆኑ ስላሰጋቸው፣ ዶክተር ሃንስ ክራውስን ከኒው ዮርክ አስጠሩ። ክራውስ በ1905 ያኔ በኦስትሪያና ሃንጋሪ መንግሥት ሥር በነበረችው በትሪየስት ከተማ የተወለዱ፣ ቪየና ላይ ሕክምና የተማሩና በ1938 ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ገደል መውጣት የሚወዱ ሰው በመሆናቸው፣ የተጎዳ አካል ለረጅም ጊዜ ታስሮ ከሚተኛ ይልቅ በልክ ሲንቀሳቀስ ቶሎ እንደሚሽር በጓደኞቻቸውም በራሳቸውም ላይ አይተው ነበር። ከዶክተር ሶንያ ዌበር ጋር ሆነውም የግንድ አካልን ጡንቻዎች ብርታትና ልስላሴ የሚለካ፣ ስድስት ቀላል እንቅስቃሴዎች ያሉት ፈተና አዘጋጅተዋል። በዚህ ፈተና ከአሜሪካ ልጆች ከመቶ 57.9፣ ከአውሮፓ ልጆች ደግሞ ከመቶ 8.7 ብቻ መውደቃቸው በ1950ዎቹ ብዙ አነጋግሯል።

ኬኔዲ ይህን ፈተና አስቀድመው ያውቁት ነበር። በዲሴምበር 1960፣ ሥልጣን ከመረከባቸው አንድ ወር ያህል ቀደም ብለው፣ የአሜሪካ ሕዝብ ሰውነት እየላላ መሄዱን በመንቀፍ በአንድ የስፖርት መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ እነዚህኑ አኃዞች ጠቅሰዋል። ከአሥር ወር በኋላ ክራውስ ሲመረምሯቸው ግን ጸሐፊው ራሳቸው ከፈተናው የሚያልፉ አልሆኑም። በጀርባቸው ተኝተው በሆዳቸው ጡንቻ ኃይል አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው መቀመጥ አልቻሉም። የጀርባቸው ጡንቻ የሰለለ፣ የጭናቸው የኋላ ጡንቻ እንደ ተወጠረ ጠፍር የደረቀ ሆኖ ተገኘ። መታጠቂያው የጡንቻውን ሥራ ለብዙ ዓመታት ሲሠራለት ስለ ኖረ፣ ጡንቻው ሥራውን ረስቶታል።

የክራውስ መድኃኒት ጠርሙስም ቢላዋም የሌለበት ነበር። በሽተኛው በሳምንት ሦስት ጊዜ ከዋይት ሐውስ መዋኛ ገንዳ አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ጀመር። የሥራው ቅደም ተከተል ጥብቅ ነበር፤ መጀመሪያ ተኝቶ መተንፈስና የተኮማተረውን ማላላት፣ ቀጥሎ ጉልበትን አጥፎ እግርን በቀስታ ማንሸራተትና መሳብ፣ ከዚያ የደረቀውን መዘርጋት፣ በመጨረሻም የሰለለውን ማጠንከር። ሲጨርሱ ደግሞ እንደ አጀማመራቸው በማላላት ያበቃሉ። አዲስ እንቅስቃሴ የሚጨመረው የቀድሞው ያለ ሕመም ሲሠራ ብቻ ነው። ከአቅም በላይ መታገልም ሆነ በአንድ ቀን የሳምንቱን ሥራ መጨረስ የተከለከለ ነው። በልጅነታቸው ሕመምን በግድ መርገጥ ለለመዱት ሰው ከሁሉ የከበደው ሥርዓት ምናልባት ይህ የትዕግሥት ትእዛዝ ሳይሆን አልቀረም።

ለውጡ በወራት ውስጥ ታየ። በ1962 መጀመሪያ ላይ የጡንቻዎቻቸው ብርታትም ልስላሴም በግልጽ ተሻሽሎ ነበር። ለብዙ ጊዜ የተሳናቸውን፣ ልጆቻቸውን ከመሬት ብድግ አድርጎ ማቀፍን፣ መልሰው አገኙት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ዓለምን ከኒውክሊየር ጦርነት አፋፍ ያደረሰው የኩባ ሚሳይል ቀውስ ሲመጣ፣ እነዚያን አሥራ ሦስት ቀናት የተቋቋመው ይህ እየታደሰ የነበረ ወገብ ነው። ሕዝቡ ግን ስለ ሕክምናው የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የጤና ፕሬዚዳንት መስሎ መታየት የመንግሥት ምስጢር ሆኖ ይጠበቅ ነበር። በዚህም ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የወገብ ሕሙማን ከምሳሌያቸው ሊያገኙት ይችሉ የነበረው ትምህርት ዓመታት ዘገየ።

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲደርሱ ኬኔዲ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄደው በክብር ተቀበሏቸው። ሁለቱ መሪዎች ዳግመኛ አልተገናኙም። ሕክምናው ገና አላለቀም ነበርና፣ ፕሬዚዳንቱ ጡንቻቸው ቢበረታም መታጠቂያውን ጨርሰው አልጣሉትም፤ በዚያው ሰሞን የብሽሽት ጡንቻቸው በመሳቡ እንደ ገና አጥብቀው ያስሩት ነበር። ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ እኛ ዘንድ የኅዳር ሚካኤል በሚከበርበት ዕለት፣ ዳላስ ላይ በክፍት መኪና ሲሄዱ በጥይት ተመተው በ46 ዓመታቸው ሲሞቱም መታጠቂያው ከልብሳቸው ሥር ነበረ። አንዳንድ ሐኪሞች በኋላ ሲጽፉ፣ በመጀመሪያው ጥይት ሲመቱ ወደ ፊት እንዳይደፉ አቁሞ የያዛቸውና ለገዳዩ ጥይት ያጋለጣቸው መታጠቂያው ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ይህ ግን ግምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አስከሬናቸውን በእግር ከሸኙት የሀገር መሪዎች መካከል ነበሩ።

ከኬኔዲ ሞት በኋላ የክራውስ ዘዴ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሕዝብ ደረሰ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ወወክማ የክራውስን እንቅስቃሴዎች መሠረት ያደረገ የወገብ ትምህርት በየቅርንጫፉ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ አያሌ ጥናቶች የትኛው የእንቅስቃሴ ዓይነት ከሌላው ይበልጣል በሚለው ላይ ቢለያዩም፣ በዋናው ነገር ላይ ይስማማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2023 ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ በሽታ ሳያስከትለው ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ የወገብ ሕመም በሥርዓት የታቀደ የሰውነት እንቅስቃሴን ይደግፋል። የወገብ ቀበቶና መታጠቂያን በዘወትር ሕክምናነት መጠቀምን ግን አይመክርም። በድርጅቱ ግምት በ2020 የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ቁጥር በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ነበር።

ይህ ሲባል ግን እንቅስቃሴ ሐኪምን ይተካል ማለት አይደለም። የእግር መደንዘዝና መስለል፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሕመሙ ጋር የሚመጣ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ፣ እንዲሁም በመውደቅና በመኪና አደጋ የመጣ ሕመም ወዲያውኑ ምርመራ የሚሹ ናቸው። ቀዶ ሕክምናም በትክክል በተለየ ምክንያት ሲደረግ ብዙ ሰው አድኗል። የኬኔዲ ታሪክ የሚያሳየው ቢላዋ ከንቱ መሆኑን ሳይሆን፣ ምርመራው በአንድ የተሰበረ ክፍል ፍለጋ ላይ ብቻ ሲያተኩር የጠቅላላው ሥርዓት ድክመት ሊዘነጋ እንደሚችል ነው።

በመሐንዲስና በሐኪም ሥራ መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ብረት በተደጋጋሚ በተጫነ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ጡንቻ ግን በልክና በየጊዜው ሲጫን ይበረታል፣ ከሸክም ሲያርፍም ይሟሽሻል። ስለዚህ ለድልድይ መልካም የሆነው የድጋፍ ሐሳብ ለወገብ ሁልጊዜ መልካም አይሆንም። የሙያ ባልደረቦቻችን ግማሾቹ ሙሉ ቀን በሥዕልና በኮምፒዩተር ላይ አጎንብሰው ይውላሉ፤ ግማሾቹም በመስክ መኪና በጠጠር መንገድ ሲንገላቱ ይከርማሉ። ለሁለቱም ወገኖች ሥራው ከአንድ ሰዓት ሩብ የማይበልጥ ጊዜ፣ አንድ ምንጣፍና ለወራት የማይቋረጥ ጽናት ነው። ኬኔዲ ይህን ለማግኘት አራት ጊዜ መቀደድና ከሃያ ዓመት በላይ መታመም ነበረባቸው፤ ባገኙትም ጊዜ የተጠቀሙበት ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው።